ግንበኞቹና አስተማሪው፦ የቤተ እስራኤል ባለ እጆችና የአቶ ዮና ቦጋለ ታሪክ



እንደምታውቁት ይህ ዓመታዊ መጽሔታችን ከሒሳብ መግለጫውና ከሙታን መታሰቢያው ቀጥሎ ከአባላት የሚቀርብ ጽሑፍ ይይዛል። የዘንድሮው የእኛ ድርሻ ታሪክ ነው። ታሪኩ የጎንደር ነው፤ ወደዚያ የወሰደን ግን እዚሁ ቆቦ፣ እዚሁ እድራችን ውስጥ የተነሣ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ቤተሰብ በአባልነት እንዲመዘገብ ማመልከቱን ታስታውሳላችሁ። አባወራው ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ፣ ባለቤቱ ምጣድና ጀበና እየሠራች ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ማመልከቻው ሲነበብ ተነሥቶ የተቃወመ አንድም ሰው አልነበረም። ዳሩ ግን ከኋላ በኩል ሹክሹክታ ተሰማ። «እነሱ እኮ...» ተባለና ነገሩ ሳይጨረስ ቀረ። ጉዳዩም ለሚቀጥለው ጉባኤ ይደር ተባለ። ከስብሰባው ስንወጣ አንድ አዛውንት አባላችን ጠሩንና፣ «ያች ያልተጨረሰች ነገር አገር ያፈረሰች ነገር ናት። ታሪኳን የምታውቁ ከሆነ ጻፉልን» አሉን። ይህ ጽሑፍ የእሳቸው ትእዛዝ ነው።

«እነሱ እኮ» የተባለ ባለ እጅ በአገራችን ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ዋጋ የከፈለው ቤተ እስራኤል የተባለው ሕዝብ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያ የጎንደርን ግንብ ስለ ሠሩት ግንበኞች፣ ቀጥሎም ከነሱ ወገን ተወልደው ሕዝባቸውን ስለ መሩት ስለ አቶ ዮና ቦጋለ እንናገራለን። ይህን ስንል የእኛ አገር ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤል ናቸው ማለታችን አይደለም። የስድቡ ሥር አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ግንቡን ማን ሠራው?

ከቆቦ ተነሥቶ በወልዲያ አድርጎ፣ ቻይና በሠራው መንገድ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ጎንደር የገባ ሰው የፋሲልን ግንብ ሳያይ አይመለስም። ዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከሳቸው በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፣ ኋላም እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩ ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1979 ግቢው በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አገራችን የምትኮራበት ነው።

ይህን ግንብ ማን ሠራው ሲባል አብዛኛው ሰው «ፖርቱጋል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም። ከፖርቱጋል ጋር የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር የተባረሩት ጎንደር ከመቆርቆሯ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የመጣው አል ሐይሚ የተባለ መልእክተኛ የንጉሡን ቤት የሠራው ዋና ባለሙያ ከሕንድ አገር የመጣ ሰው መሆኑን ጽፎ ትቷል። እንግዲህ ዛሬ አርክቴክት የምንለው ሰው አንድ ወይም ሁለት የውጭ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ባለሙያ ብቻውን ግንብ አያቆምም። ድንጋዩን የፈለጠና የጠረበ፣ ኖራውን ያቃጠለ፣ ጣራውንና በሩን ያናጠ፣ መዶሻውንና መሮውን የቀጠቀጠ እጅ አለ። የታሪክ ምሁራን የጽሑፍ ማስረጃና የሽማግሌ ቃል አሰባስበው እንደ ጻፉት፣ በዚያ እጅ ውስጥ የቤተ እስራኤል ድርሻ ትልቅ ነበር። ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ነበሩ። ከነሱም ውስጥ ወታደር ሆነው ለነገሥታቱ የዘመቱ አሉ።

ከግንበኞቹ አለቆች አንዳንዶቹ ከነገሥታቱ «ባጅሮንድ» ወይም «አዝማች» የሚል ማዕረግ ይሰጣቸው ነበር። ባለ ማዕረጉ የሥራው አለቃ ብቻ አልነበረም። በቤተ መንግሥትና በወገኑ መካከል የሚቆም፣ ለወገኑ የሚናገር ሰው ነበር። ግንብ የሚያቆመውና ሕዝብ የሚመራው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ጥቂቶቹም በአገልግሎታቸው መሬት አግኝተዋል። ይህ የቤተ እስራኤል ባለ እጅ በከተማ የተከበረበት ዘመን ነው።

ክብሩ ግን ወሰን ነበረው። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጎንደር በነገሡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ጉባኤ ተደርጎ፣ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው ሰፈር ይቀመጥ ተብሎ ተፈረደ። ግድግዳውን ያቆመው ሰው ግድግዳው ሥር እንዳያድር ተከለከለ ማለት ነው። በዚሁ ፍርድ የእስላሙም ነገር መነሣቱን ልብ በሉ። እዚህ ራያ እስላምና ክርስቲያን በአንድ እድር ተቀምጠን አንዱ የሌላውን ቃሬዛ የምንሸከም ሰዎች ይህ ነገር ሊገርመን ይገባል።

መሬት እንዴት እንደ ጠፋ

ባለ እጅ ለምን ተናቀ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከመዶሻው ሳይሆን ከመሬቱ ይጀምራል።

ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚከተሉ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ፣ መጽሐፋቸውንም በግእዝ የሚያነብቡ ሕዝብ ናቸው። የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል፤ ካህኖቻቸውን «ቄስ» ይሏቸዋል። ዋና አገራቸው ጎንደር፣ ደምቢያ፣ ሰሜን፣ ወገራ፣ ወልቃይት፣ ቋራና ትግራይ ነበር። በጥንት ጊዜ የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው፤ መሬትም ነበራቸው። ዐፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ዘምተው ካሸነፏቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይዞ እንዲኖር፣ ያልተጠመቀ ግን ርስቱን እንዲለቅ መታወጁ በታሪክ ይነገራል። ሌሎች ሰዎች «ፈላሻ» የሚሏቸው ይህ «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ነው። እነሱ ይህን ስም አይወዱትም፤ «ቤተ እስራኤል» ነው የሚሉት። ከዐፄ ይስሐቅ በኋላም ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ ቀጥሎም ዐፄ ሱስንዮስ በሰሜን ተራሮች ላይ ተዋጓቸው። የመጨረሻው ትልቅ መሪያቸው ጌዴዎን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሞት ራሳቸውን ችለው የመኖራቸው ነገር አከተመ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያን ጊዜ አገራችን ሰው ማለት ርስት ያለው ማለት ነው። ርስት የሌለው ምን ይበላል? አንድም ጭሰኛ ሆኖ የሰው መሬት ያርሳል፤ አንድም ባለ ርስት የማይነካውን ሥራ ይይዛል። ያ ሥራ እሳትና ጭቃ ነው። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቲቱ ገንቦና ምጣድ ሠራች። ሥራው ከድህነት የመጣ እንጂ ከደም የመጣ አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን ሰው ምክንያቱን ረሳና ሥራውን የደም ምልክት አደረገው። «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» የሚለው ስድብ ከዚህ የመጣ ነው። ልጅ ሲታመም የባለ እጅ ዓይን ነው ተባለ። ማታ ጅብ ሲጮኽ ባለ እጅ ነው ተባለ። ማረሻው ሲዶለዱም ግን በማለዳ ወደዚያው ሰው ቤት ይኬዳል። ማሽላ ሳይዘራ ማረሻውን የማያስቀጠቅጥ ገበሬ በሆርማትም ሆነ በጎልና ዳር አይገኝም። ያለ እሱ ማረስ የማይቻልን ሰው መፍራትና መስደብ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ እኛ ራያዎች ሌላ አስረጂ አያስፈልገንም።

ጎንደር በዘመነ መሳፍንት ስትዳከም ግንብ የሚያሠራ ንጉሥ ጠፋ። ግንበኞቹም ማዕረጋቸውን አጥተው ወደ ገጠር ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ ብለው ተነሡ። ከትግራይ አላለፉም፤ በረሃብና በበሽታ ብዙዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የቆየው ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ እህሉ ጠፋ። በወሎም በጎንደርም ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አያቶቻችን ያወሩልን ክፉ ቀን ቤተ እስራኤልንም አጨደ፤ ከሕዝቡ እጅግ ብዙው እንዳለቀ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

አቶ ዮና ቦጋለ

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ገበሬውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ይቅጣ የሚል ነው። ንጉሡ ነገሩን በሚገባ አይተውታል፤ ሠራተኛ የሚሰደብበት አገር ሠራተኛ አያገኝም። ይሁን እንጂ አዋጅ ምላስን ሊያስር ይችላል፤ ልብን ግን አያስርም።

በዚያው ዓመት ግድም ከጎንደር ከተማ አጠገብ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ወለቃ በተባለች የቤተ እስራኤል መንደር ዮና ቦጋለ ተወለዱ። ወለቃ የሸክላና የብረት ሠራተኛ መንደር ናት። ዛሬም ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው ከመንገዱ ዳር ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ምስሎች ሲሸጡባት ያያል።

የዮናን ዕድል የቀየረው ጃክ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ነው። ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ ዓላማው ቤተ እስራኤልን ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ማገናኘትና ልጆቻቸውን ማስተማር ነበር። መጀመሪያ ወደ አውሮፓ የወሰዷቸው አቶ ታምራት አማኑኤል ኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤልን ልጆች የሚያስተምር ትምህርት ቤት መርተዋል። ዮናም በ1913 ዓ.ም. ግድም፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከዚያ በጀርመን አገር ፍራንክፈርት፣ ቀጥሎ በስዊስና በፓሪስ ተማሩ። የወለቃ ልጅ ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይዞ ተመለሰ።

ይህን ያህል የተማረ ሰው በዚያን ጊዜ አውሮፓ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም። አቶ ዮና ግን ተመልሰው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አቶ ዮናም ወደ ትውልድ ቀያቸው ገብተው እንደማንኛውም ገበሬ እርሻ ይዘው ያን ክፉ ጊዜ አሳለፉት። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመንግሥት ሥራ፣ ደመወዝ፣ አዲስ አበባ፤ ለአንድ የወለቃ ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ? አቶ ዮና ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያን ትተው ወደ ወገናቸው ሥራ ገቡ። በዚያን ጊዜ በእስራኤል ያለው የአይሁድ ድርጅት በአስመራ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ከዚያ የወጡት ወጣቶች በየመንደሩ ሄደው እንዲያስተምሩ ነው የታቀደው። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 በሁለት ጊዜ 27 ወጣቶች እስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደተባለ ትምህርት ቤት ተላኩ። የመንደሮቹን ትምህርት ቤቶች የማስተዳደሩ ሸክም በአቶ ዮና ትከሻ ላይ ወደቀ።

ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር አልጋ ባልጋ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1958 ግድም ገንዘቡ ሲቀነስ አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አምቦበር በተባለው የቤተ እስራኤል ዋና መንደር ያለው ግን እንዳይዘጋ ተደረገ። አቶ ዮና ደብዳቤ ሲጽፉ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ከባለ ሥልጣን ዘንድ ሲመላለሱ፣ የተጣላውን ሲያስታርቁ ኖሩ። ከውጭ አገር የመጣ ጎብኚ ስለ ቤተ እስራኤል ለማወቅ ሲፈልግ ወደሳቸው ይመራ ነበር። ሕዝቡም ከመንግሥት ጋር ጉዳይ ሲኖረው ወደሳቸው ይሄድ ነበር። የጥንቱ ባጅሮንድ ይሠራው የነበረው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ባጅሮንዱ ግንብ ይገነባ ነበር፣ አቶ ዮና ግን ትምህርት ቤት ነው ያቆሙት።

ከሥራቸው ሁሉ እኛን እድርተኞችን ይበልጥ የሚነካን አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። አቶ ዮና የአይሁድን በዓላት ከኢትዮጵያ ቀን ጋር እያስተያዩ በየዓመቱ የዘመን መቁጠሪያ ያዘጋጁ ነበር። የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ሠርተዋል። በየተራራው ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ በዓሉን በአንድ ቀን ካላከበረ አንድ ሕዝብ መሆኑን ይረሳል። ያች የወረቀት መቁጠሪያ በሰሜን ያለውንና በደምቢያ ያለውን በአንድ ቀን አስጾመች፣ በአንድ ቀን ወደ ተራራ አስወጣች። እድርም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ስማችን በአንድ መዝገብ ስለ ተጻፈና ጡሩምባ ሲነፋ በአንድ ቀን ስለምንወጣ ነው እድር የሆንነው።

መሬትና መንገድ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ። ስለ አዋጁ የተለያየ አስተያየት ይኖረን ይሆናል። ለቤተ እስራኤል ጭሰኛ ግን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለራሱ የሚያርሰው መሬት ያገኘበት ነው። ነገር ግን መሬቱን ማጣት ያልፈለገው ባለ ርስት በብዙ ቦታ ተነሣባቸው፤ የተደበደበ፣ ቤቱ የተቃጠለበት አለ። የድሮው ስድብ ደግሞ መልሶ አገረሸ። በዚያ ላይ በጎንደር የእርስ በርስ ውጊያው በረታ።

በዚያው ዓመት ግድም፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤል እንደ ሌላው አይሁድ ወደ እስራኤል የመመለስ መብት እንዳላቸው ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የእስራኤል ታላቅ ረቢ ይህንኑ ፈርደው ነበር። መብቱ ቢኖርም መንገዱ ግን አልነበረም። አቶ ዮና እ.ኤ.አ. በ1979 አገር ለቀው እስራኤል ገቡ። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ካናዳ ሞንትሪያል ላይ በተደረገ የሰሜን አሜሪካ አይሁድ ታላቅ ስብሰባ ቆመው ስለ ወገናቸው ተናገሩ፤ ሕዝባቸው እያለቀ መሆኑን አስረድተው እርዳታ ለመኑ። ዕድሜ ልክ በደብዳቤ ሲያንኳኩ የኖሩትን በር በመጨረሻ በአካል ቆመው አንኳኩት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ በስደተኛ ሰፈር ተደብቀው ተቀመጡ። 1977 ዓ.ም. ደግሞ ለእኛም የተለየ ዓመት ነው። እኛ በቆቦና በኮረም ሬሳ ስንቆጥር፣ እነሱም በሱዳን በረሃ ይቆጥሩ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተደረገው የአውሮፕላን ጉዞ ከሰባት ሺህ ያላነሰ ሕዝብ ወደ እስራኤል ተወሰደ። ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሄደ። በሱዳን መንገድና በስደተኛ ሰፈር የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። አቶ ዮና ሁለተኛውን ጉዞ አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1987 በእስራኤል አገር አረፉ።

ስለ ቀብር

እድር ነንና ስለ ቀብር ሳንናገር ብናልፍ ያስወቅሰናል።

በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ንጹሕ አይደለም። መቃብር የቆፈረው፣ ሬሳ የገነዘው፣ የተሸከመው ከመንደሩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የመንጻት ውሃ ይረጫል፤ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምግቡን ሌሎች ያቀብሉታል። ይህ ማለት ሰውን ለመቅበር የወጣ ሁሉ የሰባት ቀን ሥራውንና ቤቱን መሥዋዕት ያደርጋል። ቢሆንም ሬሳ ሳይቀበር አይቀርም ነበር፤ ለሞተውም ተዝካር ይወጣለታል።

አሁን ይህን ሥርዓት ወደ ሱዳን ሰፈር ውሰዱት። ማንነትህ እንዳይታወቅ በተደበቅህበት ቦታ፣ በየቀኑ ሰው በሚሞትበት ድንኳን፣ ሰባት ቀን ለብቻህ የምትቀመጥበት የት አለ? ልጁን በሌሊት፣ ሳያለቅስ የቀበረ አባት አለ። ሳያለቅሱ መቅበር ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ነው ኋላ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሄርዝል በተባለው ተራራ ላይ መታሰቢያ የተሠራላቸው። በየዓመቱ ቀን ተቆርጦ ይታሰባሉ። በሌላ አነጋገር፣ ያኔ የቀረ ለቅሶ ኋላ ተለቀሰ።

ወደ እድራችን ስንመለስ

የግንበኞቹን ልጆች ዛሬ በወለቃ አታገኟቸውም። ቤታቸውና የጸሎት ቤታቸው ለጎብኚ ይታያል፤ ሰዎቹ ግን ከባሕር ማዶ ናቸው። እንዲሄዱ ያደረጋቸው ሃይማኖታቸውና ተስፋቸው መሆኑን እናውቃለን። ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል፤ በየዓመቱም «ስግድ» በተባለው በዓላቸው ወደ ተራራ ወጥተው ወደዚያው እያዩ ይጸልዩ ነበር። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻቸው አንድ ቀን እንኳ «የእኛ ናችሁ» ብለዋቸው ቢሆን ስደቱ ያን ያህል መራራ ይሆን ነበር? የጎንደርን ግንብ የሠራ እጅ ከአገር ሲወጣ «ምነው ትሄዳላችሁ» ብሎ የሸኘው ጎረቤት ቁጥሩ ስንት ነው? ይህን ስንጠይቅ ጎንደሬን መውቀሳችን አይደለም፤ ያው እኛው ነን።

እዚህ ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ሰሞን ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል ጊዜ አልነበረም። ቃሬዛ የያዘውን ሰው የአባትህ ሥራ ምን ነበር ብሎ የጠየቀው አልነበረም። አካፋውንም ዶማውንም የቀጠቀጠው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አፈሩ ተቆፈረ፣ ሰው ተቀበረ። በክፉ ቀን ያልጠየቅነውን ጥያቄ በደህና ቀን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንዳንድ አባላት «ልማድ ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩን ነው» ሊሉ ይችላሉ። ልማድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከላይ እንደተመለከትነው፣ ልማዱ የተወለደው ሰው ርስቱን በመነጠቁ ነው። መሬቱን ካጣ በኋላ በእሳትና በጭቃ ስለ ኖረ ተሰደበ። ምክንያቱ ጠፍቶ ስድቡ ብቻ ቀረ። እኛም ዛሬ ምክንያቱን ሳናውቅ ስድቡን በሹክሹክታ እናስተላልፋለን። ልጆቻችንም ከኛ ሰምተው «እነሱ እኮ» ይላሉ፤ «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ግን ቢጠየቁ አያውቁም።

አቶ ዮና በሕይወታቸው የሠሩት ነገር ይህን ሰንሰለት መቁረጥ ነው ብለን እናምናለን። ሸክላ ሠሪ መንደር ተወለዱ፤ ከዚያ ሸሽተው አልቀሩም። ተምረው ተመለሱ፣ መንደሩን በፊደል አሠሩት። ግንብ የሠሩት አባቶቻቸው ስማቸው በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። አቶ ዮና ግን ልጆቹ ስማቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ አስተማሩ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የዚያ ቤተሰብ ማመልከቻ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበብ፤ ድምፁም በግልጽ፣ እጅ በማውጣት ይሰጥ። የሚቃወም ካለ ተነሥቶ ምክንያቱን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገር። ሁለተኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ማንም ሰው በሥራው ወይም በአባቱ ሥራ ምክንያት ከእድሩ እንደማይከለከል የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ይጨመር።

እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አባላት በዚያ ቀን እጃችንን እናወጣለን። ከኋላ መቀመጫ የተቀመጣችሁም እንደምታወጡ ተስፋችን ነው። ድንኳኑን የምናቆምበት ካስማ፣ መቃብሩን የምንቆፍርበት ዶማ፣ የለቅሶ ቤት ቡና የምናፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።